ብሩሽ ሲያይ የሚሸሸው ቻለው

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ነው። ሁለት ዓመት የሆነው ውሻ አለን። ስሙ ቻለው ነው፤ ስሙን ያወጡለት አያቴ ናቸው። ተራ የሐበሻ ውሻ ነው። ከወር በፊት ስልኬ ላይ አንድ ውሻ በአፉ ብሩሽ ይዞ ወረቀት ላይ ቀለም ሲቀባ አየሁ። ታናሽ ወንድሜ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አበባ እየሣለ ለጎረቤት ያድላል። ዘንድሮ ቻለውም አብሮት ይሣል ብለን ተነሣን። ብሩሹን አፉ ውስጥ ስናስገባለት ይተፋዋል። ደጋግመን አፉን ይዘን ሞከርን። ወንድሜ ተናደደና አፍንጫውን መታው። ከዚያ ወዲህ ብሩሹን ሲያይ የውሃ ሮቶው ኋላ ይደበቃል። ባዶ እጄን ስጠራው እንኳ እያመነታ ነው የሚመጣው። እናቴ "የፈረንጅ ውሻ ሥራ ነው፣ ተይው" ትለኛለች። አንድ ግቢ የምንኖረው ጎረቤታችን ሐጂያ ደግሞ ምንም አይሉም፣ ግን ውሻው በቀለምና በምራቅ ተለውሶ ሲዞር ፊታቸው ልክ አይሆንም። ልተወው ወይስ ይቻላል?

የቻለው እህት፣ ከደሴ

መልስ

አብሽሪ፣ እህቴ። ይቻላል። ነሐሴ ገና መግባቱ ነው። እስከ መስከረም 1፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ አምስት ሳምንት አለሽ። በቀን አሥር ደቂቃ ከሰጠሽው ይበቃል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴም ዓይኔ የቆመው "ባዶ እጄን ስጠራው እንኳ እያመነታ ነው የሚመጣው" ያልሽው ላይ ነው። ሥዕሉ ይደርሳል። መጀመሪያ ይሄ ይስተካከል።

እናንተ ያደረጋችሁትን እኔም አድርጌዋለሁ። ኮምቦልቻ ሳለን አንድ ቡናማ ውሻ ነበረን። ኮንጎ ጫማዬን እንዲያመጣልኝ ማስተማር አማረኝ። አፉን በእጄ ከፍቼ ጫማውን አስነከስኩት። መንጋጋውን ግጥም አድርጌ ይዤ "ያዝ! ያዝ!" እለው ነበር። ሦስት ቀን እንዲህ አልኩ። በአራተኛው ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ላደርግ ጎንበስ ስል፣ ጅራቱን እግሮቹ መሃል ከትቶ ከግቢ ወጣ። በማግስቱም እንደዚያው። ሁለት ወር ሙሉ ጫማዬን ጓዳ ገብቼ ነበር የማደርገው፣ እሱ እንዳያየኝ። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። ያኔ ጫማ ማምጣት አልተማረም። ጫማ ካለ አፍ እንደሚያዝ ግን ጥንቅቅ አድርጎ ተማረ።

ቻለውም ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ያሳያችሁትን በደንብ ይዞታል።

ይሄ ነገር የታወቀው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ኢቫን ፓቭሎቭ የሚባል ሩሲያዊ ሐኪም የውሾችን የምግብ መፈጨት ያጠና ነበር። በፈረንጆቹ 1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ጥናት ነው። በሥራው መሃል ውሾቹ ምግቡ ገና ሳይቀርብላቸው፣ የሚያበላቸውን ሰው ሲያዩ ምራቃቸው እንደሚወርድ አስተዋለ። አንቺ ይሄን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግሽም። እናትሽ ከገበያ ሲመለሱ የቆርቆሮውን በር እንዴት እንደሚገፉት ቻለው ያውቀዋል። ሌላ ሰው ሲገፋው ይጮሃል፣ እሳቸው ሲሆኑ ጅራቱን ይቆላል። ቁጭ ብሎ ያስተማረው የለም። ድምፁና የሚከተለው ነገር ሁልጊዜ አብረው ስለመጡ ነው። ብሩሽና ዱላም አብረው መጡበት። ያንቺ ሥራ ብሩሽና ደስ የሚል ነገር አብረው እንዲመጡ ማድረግ ነው።

ለእናትሽም ይሄንኑ ንገሪልኝ። የሐበሻ ውሻ የሚማረው የፈረንጅ ውሻ በሚማርበት መንገድ ነው። ልዩነቱ አስተዳደጉ ላይ ነው። የኛ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ሰው እጁን ሲዘረጋለት ብዙ ጊዜ ወይ ሊያስረው ነው ወይ ሊመታው ነው። ስለዚህ እንግዳ ነገር ቶሎ ያስደነግጠዋል። ዝግ ብሎ መሄድ ነው እንጂ ጭንቅላቱ አያንሰውም። በወሎ ደጋ ከበግ ጋር የሚውሉትን ውሾች እናትሽ ያውቋቸዋል። የራሱን መንጋ ከሌላው ለይቶ የሚጠብቅ ውሻ ብሩሽ መያዝ አያቅተውም።

እንግዲህ ወደ ሥራው። በመጀመሪያው ሳምንት ብሩሹን ከዓይኑ ሰውሪው። ጭራሽ አይታይ። ያ ብሩሽ ለሁልጊዜው ቢጠፋም ግድ የለም፣ በኋላ ሌላ ታዘጋጃላችሁ።

ቀጥሎ ሽልማቱን አዘጋጂ። ከሁሉም የሚሻለው የተቀቀለ ሳንባ ነው። ርካሽ ነው፣ ሽታው ውሻ ያሳብዳል፣ ሲደርቅ በቀላሉ ይቆረጣል። በሽንብራ ፍሬ ልክ ቆራርጪው። አትሳሺ፣ ውሻ የሚቆጥረው ስንት ጊዜ እንደተሰጠው ነው፤ ትልቁን አንድ ቁራጭ ከምትሰጪው ትንንሹን አሥር ጊዜ ብትሰጪው ይመርጣል። አንድ ነገር ግን አደራ። ሳንባም ሆነ ጉበት ጥሬውን እንዳትሰጪው። በግና ከብት ሲታረድ አንዳንዴ ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ታያላችሁ። ያ የትል እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይጣበቃል። ከዚያ በእጃችሁ ወደ አፋችሁ ነው። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል፣ እስከ ኦፕራሲዮን ያደርሳል። ከረጢት ያለበትን ከነጭራሹ አትጠቀሙበት፤ አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቀት ቅበሩት። ንጹሑንም ግማሽ ሰዓት በደንብ ይንተክተክ።

አሁን ፍልሰታ ነው። እናትሽ በጾም ቤት ውስጥ ሥጋ አይቀቀል ካሉ ልክ ናቸው፣ አትከራከሪያቸው። ለአሥራ አምስት ቀን የተቀቀለ ስኳር ድንች ወይም ካሮት ይበቃል። ደረቅ የዳቦ ቁራጭም ለሚራብ ውሻ ሽልማት ነው። ከራቱ በፊት አሠሪው እንጂ ከጠገበ በኋላ አትድከሚ። ከወጥ የተረፈ ሥጋ ግን አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዙ ናቸው።

አሁን ደግሞ አንድ ቃል ያስፈልግሻል። "ያደረግኸው ትክክል ነው፣ ሽልማትህ እየመጣ ነው" የሚለው ቃል። ፈረንጆቹ ቀጭ የምትል ትንሽ መሣሪያ ይጠቀማሉ። ለቻለው ግን አልመርጥለትም። የደነገጠ ውሻ ነው፣ ድንገተኛ ድምፅ አይስማማውም። ደግሞ አንድ እጅሽ ሽልማት ሌላው ወረቀት ይይዛል። እኛ "ጎሽ" የሚል ቃል አለን። አጭር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ከአባቶቻችን ጀምሮ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው። "ጎሽ" በይና ወዲያው፣ አንድ ሁለት እስኪቆጠር ሳትቆዪ፣ አንድ ቁራጭ ስጪው። ምንም ሳታዥው። "ጎሽ"፣ ቁራጭ። "ጎሽ"፣ ቁራጭ። አሥራ አምስት ጊዜ ያህል። በማግስቱ ሌላ ቦታ እያየ ሳለ "ጎሽ" በይ። ጭንቅላቱን ብድግ አድርጎ ወዳንቺ ከዞረ ገብቶታል። ከዚያ በኋላ ቃሉ ዕዳ ነው። "ጎሽ" ካልሽ፣ ተሳስተሽም ቢሆን፣ ትከፍያለሽ። ቤተሰቡም ቃሉን በከንቱ እንዳይጠራው አስጠንቅቂ።

ይሄን የመጀመሪያ ሳምንት ሥራ ወንድምሽ ቢሠራው ደስ ይለኛል። የመታው እሱ ነው፣ ይቅርታ የሚጠይቀውም እሱ ይሁን። ውሻ ይቅርታ የሚገባው በሥራ ነው። መሬት ላይ ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጥ። ዓይኑን አያፍጥበት። በጭንቅላቱ ላይ እጁን አያሳልፍ። "ጎሽ" እያለ ቁራጯን ራቅ አድርጎ ይወርውርለት። ቻለው ራሱ እየቀረበ ይመጣል። በስንተኛው ቀን እንደሚቀርብ የሚወስነው ቻለው ነው። ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ካዛጋ፣ ፊቱን ካዞረ ወይም የዓይኑ ነጭ ብልጭ ካለ "በዛብኝ" ማለቱ ነው። ያኔ ራቅ በሉለት። እንዲህ ሲል የተሰማ ውሻ ብዙ ጊዜ ለመንከስ አይደርስም።

በሁለተኛው ሳምንት አፍንጫውን ማሠራት ትጀምሪያለሽ። መዳፍሽን ከአፍንጫው ሁለት ጣት ያህል አርቀሽ ያዥለት። ያሸተዋል፣ ማሽተት ሥራው ነው። አፍንጫው በነካሽ ቅጽበት "ጎሽ"። ሲለምደው መዳፍሽ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ክዳን ያዥ። ክዳኑን ሲነካ "ጎሽ"። ከዚያ ክዳኑን ካርቶን ላይ ለጥፊና ካርቶኑን ግድግዳ ላይ አስደግፊ። ክዳኑን በየሁለት ቀኑ በመቀስ እያሳነስሽው ሂጂ። የሳንቲም ልክ እስኪሆን። በመጨረሻ ክዳኑ ይጠፋል፣ ቻለው ግን ካርቶኑን መንካቱን ይቀጥላል። ሰው ሲያየው ተአምር ይመስለዋል።

አሁን ከባዱ መጣ። መያዝ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

በብሩሽ አትጀምሪ። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ አንድ ስንዝር የሚሆን እንጨት ፈልጊ። አሮጌ ጨርቅ ጠቅልይበትና እሠሪው፣ ጥርሱን እንዳያመው። ከፊቱ ያዥለት። አፉ ውስጥ አታስገቢ! ሲያሸተው "ጎሽ"። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማሽተቱን ትተሽ ጥርሱን እስኪያሳርፍበት ጠብቂ። "ጎሽ" ሳትዪው ሲቀር ግራ ይገባዋል፣ ያይሻል፣ ከዚያ "ምን አጠፋሁ?" ብሎ ጠንከር ያለ ነገር ይሞክራል። ብዙ ውሻ እንጨቱን የሚነክሰው ያኔ ነው። በነከሰበት ቅጽበት "ጎሽ"። ቁራጭዋን ሊበላ እንጨቱን ይለቀዋል። ይልቀቀው፣ ችግር የለም።

ወሳኙ ነገር ቃልሽ የሚወጣበት ሰዓት ነው። እንጨቱ አፉ ውስጥ እያለ ነው "ጎሽ" የሚባለው። ብዙ ሰው የሚዘገየው በግማሽ ሰከንድ ነው፣ "ጎሽ" ሲል እንጨቱ መሬት ወድቋል። ውሻው ታዲያ የተከፈለው ለመትፋት ነው። ነገ ፈጥኖ ይተፋል፣ ባለቤቱ ይናደዳል። የኔን ቡናማ ውሻ በኋላ እንደ አዲስ ስናስተምረው ያስቸገረኝ ይሄ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ኮንጎዬን አጠገቤ ጣል አድርጌ ሌላ ቦታ አያለሁ። መጣ። በአፍንጫው ገፋ አደረገው። ዝም አልኩ። ልቡ ሲመታ ጎኑ ላይ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ከኋላ በኩል፣ ተረከዙ ጋ፣ በፊት ጥርሱ ብቻ፣ ሕፃን እንደሚያነሣ ቀስ ብሎ አነሣው። ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ቢሆን ነው። "ጎሽ" ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ጫማዬን ደብቄ አላውቅም።

ቻለው አንድ ሰከንድ ሲይዝ ሁለት ጠይቂው። ግን ደረጃ እንደመውጣት በየጊዜው አትጨምሪበት። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት። አንዳንዴ ቀላል እንዲሆንለት ነው፣ ተስፋ እንዳይቆርጥ። አምስት ሰከንድ ከያዘ ለሥዕል በቂ ነው።

አንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ ወይም ሦስቴ፣ ከዚያ አያልፍም። ገና "ጨምሪልኝ" እያለ አቁሚ። የደሴን ክረምት ታውቂዋለሽ፣ ከሰዓት ዝናብ ነው፣ የጦሳ ተራራም በጉም ይሸፈናል። ጠዋቱን ያዥው።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱን ትምህርት ታገናኛለሽ። እንጨቱን እንደያዘ ካርቶኑን አሳዪው። አፍንጫው ሳይደርስ የእንጨቱ ጫፍ ይነካዋል። "ጎሽ!" በመጀመሪያው ቀን እንጨቱን ጥሎ በአፍንጫው ሊነካ ይሞክራል። ደህና ነው፣ ዝም በይና ደግሞ ስጪው። አዲስ ነገር ስትጨምሪ አሮጌውን አቅልዪለት፤ ካርቶኑ ራቅ ካለ የሚይዝበት ሰዓት ይጠር።

አዲሱን ብሩሽ ወንድምሽ ይሥራው። የቀለም ቀቢዎችን ሁለት ኢንች ብሩሽ ውሰዱና እጀታውን አሳጥሩት። የእጀታውን ጫፍ ከዚያ ጨርቅ ከተጠቀለለበት እንጨት ወገብ ላይ በደንብ እሠሩት። መዶሻ ይመስላል። ቻለው የመዶሻውን ራስ ይነክሳል፣ የብሩሹ ፀጉር ወደ ፊት ይወጣል። አግዳሚው እንጨት ስላለ ብሩሹ ወደ ጉሮሮው አይገባም፣ ጥርሱም ቆርቆሮው ላይ አያርፍም። መጀመሪያ በደረቁ፣ ራቅ አድርገሽ መሬት ላይ አስቀምጪው። ሲያየው ሽልማት ይዝነብለት። ስታነሺው ሽልማቱም ይቁም። ቀን በቀን አንድ እርምጃ ይቅረብ። መብላቱን ካቆመ በጣም ቀርቧል ማለት ነው፣ መልሺው። የምታጠፊው ፍርሃት ስለሆነ እዚህ ላይ ሳምንት ቢፈጅብሽ ሳምንት ስጪው።

ስለ ቀለሙ ልንገርሽ፣ ይሄን ክፍል እወደዋለሁ። የግድግዳ ቀለም፣ የብረት ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ አኳራጅ ጨርሶ አይነኩም። ኖራም አፉንና ዓይኑን ያቃጥላል። መርዝ የለውም ተብሎ የተጻፈበት፣ በውሃ የሚታጠብ የልጆች ቀለም ካገኘሽ ጥሩ ነው። ካላገኘሽ ጓዳ ግቢ። የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጠሽ እሳት ላይ አማስዪው፣ ደብተር ስትለብጡ እንደምትሠሩት ማጣበቂያ። ሲቀዘቅዝ እርድ ጨምሪበት። የአደይ አበባ ቢጫ ይሆንልሻል። ቢልሰው አይጎዳውም። ልብስ ግን ይይዛል፣ ነጭ አትልበሺ። ለሰማያዊ የኬክ ቀለም ይሆናል። ጨው አይግባበት።

ቢጫና ሰማያዊ ያልኩሽ በከንቱ አይደለም። የውሻ ዓይን ቀለም የሚለይባቸው ሕዋሳት ሁለት ዓይነት ናቸው፣ የኛ ሦስት ነው። እሱ ለይቶ የሚያየው እነዚህን ሁለቱን ነው። ቀይና አረንጓዴ ለሱ ደብዘዝ ያለ ቡኒ ነገር ናቸው። አደይ አበባ ከፈነዳው መስክ ውስጥ ቻለው የሚያየው ቢጫውን ነው፣ ሣሩን እንደኛ አያየውም። ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ከዚህ የተሻለ ሠዓሊ ከየት ይመጣል!

ወረቀቱን በካርቶን ላይ በፕላስተር ለጥፊና በደረቱ ቁመት አቁሚው። ብሩሹን አንቺ ቀለም ነክረሽ ስጪው። መጀመሪያ ነጥብ ብቻ ይወጣል። ጭንቅላቱን ትንሽ ሲያዞር ጭረት ይሆናል። ያችን ጭረት ስታዪ "ጎሽ"፣ ነጥቡን ደግሞ ዝም በይው። በሦስት አራት ቀን ውስጥ ጭረት ብቻ ይሆናል። አበባ ይሣላል ብለሽ ግን አትጠብቂ። እሱ አበባ መሆኑን አያውቅም። የሚያውቀው ከናንተ ጋር ሆኖ የሚሠራው ጨዋታ መኖሩን ነው። ለኔ ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ቢጫውን እሱ ይዘርዝረው፣ ግንዱንና ቅጠሉን ወንድምሽ ይጨምርበት።

ይሄ ሁሉ ሥራ እጅና አፍ የሚገናኙበት ስለሆነ አንድ ነገር ሳይሆን አትጀምሩ። ቻለው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ይወስድ እንደሆነ አልጻፍሽም። ካልወሰደ ነገ ጠዋት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰጂው። የሆድ ትል መድኃኒትም እዚያው ጠይቂለት። ጥርሱ ሳያስበው ቆዳ ከበጣ ቁስሉን በውሃና ሳሙና ሩብ ሰዓት እጠቡና ያንኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስለ ክትባቱ ስናወራ፣ በወሎው ቦረና ሳይንት ተራሮች ያሉት ቀይ ቀበሮዎቻችንም ከውሻ በሚጋባ በዚሁ በሽታ ሊያልቁ የሚችሉ ናቸው። በባሌ ብዙ ገድሏቸዋል። አንድ የተከተበ ውሻ ለነሱም አጥር ነው።

ወደ ሐጂያ ልምጣ። ዝም ያሉሽ ጎረቤትነት ይዟቸው ነው። ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ፣ ነው፣ ውሻ የላሰው ዕቃ አንዱን በአፈር አድርጎ ሰባት ጊዜ ይታጠባል። ለጥበቃ ውሻ ማኖርን ብዙዎች አይከለክሉም፣ ለዚህም ነው ቻለው በግቢው መኖሩን የቻሉት። የሚያስጨንቃቸው ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት) ያስቀመጡት ውሃ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ደጃፍ ላይ ያናፈሱት መስገጃ ነው። ምራቅ ያለበት ብሩሽ በአፉ ይዞ ግቢውን የሚያቋርጥ ውሻ በዚህ ሁሉ መሃል ያልፋል። አስቢው።

ስለዚህ ሄደሽ ጠይቂያቸው። ከእናትሽ ጋር ቡና ላይ ቢሆን ይሻላል። "ሐጂያ፣ ይሄን ልጀምር ነው፣ የትና መቼ ባደርገው አይከብድዎትም?" በያቸው። መልሱን ከሳቸው ስሚ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አልገምትም። አንቺ በበኩልሽ ከቤቱ ኋላ አንድ ጥግ ምረጪ። ስትጀምሪ ቻለው በገመድ ይያዝ፣ ስትጨርሺ ብሩሹ ከዚያ ጥግ አይውጣ። የሶላት ሰዓት አታድርጊው። የሱ ዕቃ ለብቻው ይታጠብ፣ ለብቻው ይቀመጥ። የሳቸውን ስኒ ወይም የልጅ ልጃቸውን ከመንካትሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ እያዩሽ ታጠቢ። ለፍተሽ የምትታጠቢው ለሳቸው ብለሽ መሆኑን ማየታቸው ራሱ ልባቸውን ያሳርፈዋል።

መስከረም 1 ጠዋት ወንድምሽ "እንቁጣጣሽ፣ በየዓመቱ ያምጣሽ" እያለ ሲዞር የቻለውን ወረቀት ለማን እንደሚሰጥ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ማን እንደሣለው ሳይነገረው የሚቀበል ሰው አይኑር። ለሐጂያ የሚሆነውን ደግሞ ወንድምሽ ዛሬ ይጀምረው። ቻለው ባልነካው ወረቀት ላይ፣ በራሱ እጅ፣ ከሁሉም አሳምሮ።